የቆጡ ዋንዛ

«መቀመጫችሁስ የት አለ?» አለ ነገራ፣ ከበሩ ሁለት እርምጃ ብቻ ገባ ብሎ።

ዘርትሁን የሳሙና አረፋ የያዘ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከኋላዋ የነሐሴ ዝናብ ያጨቀየው ግቢ ባዶውን ተንጣሏል፤ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ ሦስት እግር ቡና፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሌላ ምንም የለውም።

«እቤት ውስጥ ነዋ!» አለች ልጇ ደራርቱ በእናቷ ፈንታ።

«የቤቱን ማን ጠየቀሽ? የግቢውን ነው የምልሽ።» ነገራ ከካኪ ኮቱ ኪስ ደብተር አወጣ። ከቀበሌ የተላከ ሰው ሲያነብ ድምፁ ይወፍራል፤ የእሱም ወፈረ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መስከረም ሁለት ይከበራል። እንግዶች በሲሬ በኩል መጥተው በዚህ መንገድ ወደ ነቀምት መሀል ይገባሉ። ስለዚህ በባኬ ጃማ መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ አጥሩን ያድሳል፣ አበባ ይተክላል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ሠርቶ ከመንገዱ እንዲታይ በግቢው ያስቀምጣል። ይህን ያላደረገ ስሙ በስብሰባ ላይ ይነበባል።

«ሁለት አግዳሚ ለማን ነው? እኛ እንደሆን ሁለት ሰው ነን» አለች ደራርቱ።

«ለሚያየው።»

«ለሚቀመጠውስ?»

«ደራርቱ!» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ወደ ነገራ ዞራ፣ «እሺ» አለች።

«እሺ» የዘርትሁን ቃል ነበረች። ደራርቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እናቷ ለካኪ ለባሽ ሌላ መልስ ስትሰጥ ሰምታ አታውቅም። የስብሰባውም ነገር ቀልድ አልነበረም። የዚህ ቤት ስም ለመጨረሻ ጊዜ በስብሰባ የተነበበው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው፤ በማግስቱ አባቷን፣ መምህር መርጋን፣ ወሰዱት።

ነገራ ደብተሩን ዘግቶ ወጣ። ድሮ የአባቷ ተማሪ ነበር። መርጋ የእጅ ሥራ አስተማሪ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ጎበዞቹን እቤቱ እየጠራ መጋዝ መሳልና ጣውላ መላግ ያሳያቸው ነበር፤ ያኔ ነገራ ዘርትሁንን «እትዬ» ይላት ነበር። አሁን «ጓድ ዘርትሁን» ብሎ ተሰናበታት። ካኪ ከለበሰ ወዲህ ከበሩ ሁለት እርምጃ አልፎ ገብቶ አያውቅም።

እሱ ብቻም አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «አካም ጅርቱ፣ አዴ ዘርትሁን?» ይላል፤ ደህንነቷን ጠይቆ፣ የራሱን ተናግሮ፣ መንገዱን ይቀጥላል። ገብቶ የሚቀመጥ የለም። ደራርቱ ግቢያቸው መቀመጫ ስለሌለው ይመስላት ነበር።

አባቷ ታስሯል። እናቷ የነገረቻት እንዲህ ነው፤ አዲስ አበባ ወስደውታል፣ ደብዳቤ አይፈቀድም፣ ሲፈታ ይመጣል። ደራርቱ በየትምህርት ቤቱ ቅጽ ላይ «የአባት ሁኔታ» ከሚለው አጠገብ «አለ» ብላ ትጽፋለች።

ደግሞ የምትኮራበት ነገር ነበራት። በዚያ ሰፈር የእድሩ አግዳሚዎች ያልገቡበት ግቢ የለም። በሰኔ ኦቦ ደረሳ ሲሞቱ ወጣቶቹ በአረንጓዴ ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸውን ረጃጅም ወንበሮች ተሸክመው አመጡ፤ ደራርቱም የአንዱን ጫፍ ይዛ ነበር። ፊት ለፊት ደርድረዋቸው ሰው ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያ ተሸክመው መለሷቸው። «እኛ ቤት ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም፤ ቤታችን ሰው አልሞተበትም» ብላ ለጓደኛዋ ለሸዋርጋ ተናግራ ነበር። ሸዋርጋ ሁልጊዜ መልስ የማታጣ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን የጫማዋን ማሰሪያ ጎንበስ ብላ ማሰር ጀመረች።

የአግዳሚው ሥራ የደራርቱ ሆነ። የአባቷ መጋዝ፣ መሮና መላጊያ በጆንያ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ነበሩ፤ እናቷ አውጥታ ሰጠቻት። እንጨቱን ደራርቱ ራሷ መረጠች። ከጓሮ አጥር ላይ የተነቀሉ የባሕር ዛፍ አጣናዎች ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ የደረቁ፣ ቆዳቸው ሳይላጥ እንዳለ። በነፃ የተገኘ እንጨት! በሁለት ቀን አንዱን አግዳሚ ጨረሰች።

ሸዋርጋ ከአባቷ ከወልደዮሐንስ ሱቅ አንድ ጭብጥ ሚስማር ይዛ መጥታ ወንበሩን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይቺ ወንበር ናት ወይስ ፍየል? እግሮቿ ወደ አራት ገበያ ሊሄዱ ነው እኮ።»

«ቀሽም! ሥሪና አሳዪኝ።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሚስማር እሸጣለሁ። እስቲ እንግዳ ልሁን፣ ጓድ ደራርቱ።» ሸዋርጋ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እንደ ባለሥልጣን ተቀመጠች።

እግሩ አልተሰበረም፤ ፈረሰ። በስተቀኝ ያለው አጣና እንደ እርጥብ ብስኩት ሟሸሸና ሸዋርጋ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች። ከፈረሰው እንጨት ውስጥ የወጣው ቀይ አፈር ነበር። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ዘርትሁን ከቤት ሮጣ ወጣች፤ እዚያ ግቢ እንዲያ ያለ ድምፅ ከተሰማ ብዙ ጊዜው ነው። ሳቅ መሆኑን ስታይ ደጃፉን ደገፍ ብላ ትንሽ ቆመችና ተመልሳ ገባች።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ማንኳኳት ነበረብሽ» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ።

ኦቦ ጉሉማ ነበሩ፤ የሰፈሩ አናጢ፣ የአባቷ የሥራ ወዳጅ። ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ በሩን ገፍተው ገቡ። የተረፈውን እግር በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉት፤ ድምፁ የባዶ ቅል ይመስል ነበር።

«ምስጥ ጨዋ ሌባ ነው። በር ሳይሰብር ነው ቤቱን የሚያራቁተው። ቆዳውን አይነካም፣ ሆዱን በልቶ አፈር ይሞላዋል። አጥር ሆኖ የቆመ እንጨት ለመቀመጫ ሂንታኡ፣ አይሆንም።»

«እርጥብ ባሕር ዛፍ ልግዛ?»

«እርጥቡ ሲደርቅ እንደ ተቆጣ ሰው ይጣመማል። በሚመጣው ክረምት ደግሞ ያው የምስጥ ነው።»

«አባዬ ጋ የብረት ቱቦ አለ» አለች ሸዋርጋ ጭቃዋን እያራገፈች። «ግን ዋጋውን ሲነግርሽ ቆመሽ መቅረት ትመርጫለሽ።»

«ብረት ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ያቃጥላል፤ ሰው አያስቀምጥም» አሉ ኦቦ ጉሉማ። «ቀርከሃም የአንድ ዓመት ውበት ነው። ውጭ የሚያድር ወንበር ከፈለግሽ ዋንዛ ነው፤ እኛ ዋዴሳ የምንለው። ዳር ዳሩን ነጩን ትተሽ ቀዩን፣ ልቡን። ምስጥ የዋንዛን ልብ በቀላሉ አይደፍርም። እሱም ቢሆን በጥላ አምስት ስድስት ዓመት የደረቀ ቢገኝ ነው፤ ያ ደግሞ ከየት ይመጣል?»

«እኛ አለን እኮ!» አለች ደራርቱ። «ቆጡ ላይ! ስድስት ጣውላ ዋንዛ!»

ኦቦ ጉሉማ ከወንበሩ ቀና አሉ። ዓይናቸው ሳያስቡት ወደ ጣሪያው ሄዶ ተመለሰ። ሸዋርጋም ጭቃዋን ማራገፍ አቆመች።

«እሱን እናትሽን ጠይቂ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ፤ ያመጡት መጥረቢያ እንኳ ግድግዳው ሥር ተረሳ።

«ምን ሆነው ነው?»

«እንጃ» አለች ሸዋርጋ። «እናትሽ ግን አይሰጡሽም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አይ፣ እኔ ምን አውቃለሁ!» ሸዋርጋ ሚስማሯን እንኳ ሳትቆጥር ሄደች።

ደራርቱ እነዚያን ጣውላዎች ከዓይኗ ይልቅ በጆሮዋ ነበር የምታውቃቸው። ቀትር ላይ፣ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው፣ ከቆጡ ቋ! የሚል ድምፅ ይመጣል። እናቷ ያን ጊዜ የያዘችውን ይዛ፣ ቢላም ይሁን መጥረጊያ፣ ቀና ትላለች፤ ሰው በስሟ እንደጠራት። ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

በማግስቱ እናቷ ገበያ ስትሄድ ደራርቱ መሰላሉን አቆመች።

ጣውላዎቹ በአቡጀዲ ተጠቅልለዋል። ቆጡ በሙሉ አቧራ ለብሷል፤ አቡጀዲው ላይ ግን አቧራ የለም። ፈታችው። ሁለት ሰፋፊ፣ ሁለት ረጅምና ጠበብ ያሉ፣ ሁለት አጫጭር። ልብን የሚያሞቅ ቀይ ቡናማ መልክ አላቸው። የአባቷን ተጣጣፊ ሜትር ዘርግታ ሰፊውን ለካችው፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ስምንት። ለአግዳሚ ልኩ ነው! ሁለቱ ሰፋፊ መቀመጫ፣ ሁለቱ ጠባቦች እግርና ማያያዣ። አጫጭሮቹ ብቻ ለምን እንደሆኑ አልገባትም። ክንድ የማይሞሉ፣ ዳርና ዳራቸው ተስተካክሎ የተቆረጡ፣ ሁለት አጫጭር ጣውላዎች። የመደርደሪያ ይሆኑ? ከረጃጅሞቹ ጫፍ አጠገብ አድርጋ አየቻቸው፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ልክክ አሉ።

እጇን ከእንጨቱ ላይ አነሳች።

ከቆጡ ወርዳ ወደ ጓዳው መቃን ሄደች። አባቷ በየዘመን መለወጫው ቁመቷን በቀይ እርሳስ መቃኑ ላይ ያሰምር ነበር፤ አንድ ዓመት ለቀልድ የራሱንም ከላይ አሰምሮ «አባባ» ብሎ ጽፎበታል። ሜትሩን ከወለሉ እስከዚያ ቃል ድረስ ዘረጋችው። ጣውላው ከአባቷ አንድ ስንዝር ይበልጣል። አንድ ስንዝር ብቻ።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው የአንጮቴው ቀን ትዝ ያላት።

ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ በየቀኑ ለአባቷ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ትሄድ ነበር፤ አንድ ቀን እሱ የሚወደውን አንጮቴ የሚባል ሥራሥር ቀቅላ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሳ ወሰደች። ከሰዓት በኋላ ሳህኑ እንደተቋጠረ ሙሉውን ይዛ ተመለሰች። «ምነው አልበላም?» አለቻት ደራርቱ። «ጠግቧል፤ አንቺ ብዪው» አለች እናቷ። ደራርቱም በላች። ደስ ብሏት፣ ጣቷን እየላሰች፣ እስከ ሳህኑ መጨረሻ። እናቷ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ስትበላ ታያት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስንቅ አልተቋጠረም፤ አንጮቴም በዚያ ቤት አልተቀቀለም።

ዘርትሁን ከገበያ ስትመለስ መሰላሉ እንደቆመ ነበር። ዘንቢሏን አስቀመጠች። መሰላሉን አየች፣ ልጇን አየች፣ ሜትሩን አየች።

«ያን ቀን ነው ያወቅሽው» አለች ደራርቱ። «የአንጮቴው ቀን።»

«‹ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ› አሉኝ። ሌላ አላሉኝም።» የዘርትሁን ድምፅ አልተለወጠም፤ የገበያ ወሬ የምታወራ ይመስል ነበር። «ሬሳውን ይሰጡኝ ይሆናል ብዬ ለሣጥኑ ጣውላውን ገዛሁ። ጉሉማ በቁመቱ ልክ ቆረጠልኝ። አልሰጡኝም። ያለቀሰ ይያዛል ተባለ። የእድሩ ዳኛ በጓሮ በኩል መጥቶ፣ ‹ወንበሮቹን ማምጣት አልቻልንም፣ ይቅር በይን› አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ ያወራል። መጀመሪያ ለዚያ ነበር።» ዘርትሁን ከዘንቢሉ ሽንኩርቱን ማውጣት ጀመረች፣ አንድ በአንድ። «በኋላ ደግሞ አንቺ ‹አባባ ታስሯል፣ ሲፈታ ይመጣል› ስትይ መስማቱን ለመድኩት። በዚህ ቤት እንዲያ የሚል ሰው መኖሩን ወደድኩት።»

ደራርቱ ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን የሚቆምበት ቦታ አጣ።

«እማዬ፣ ጣውላውን ስጪኝ።»

«ለእነሱ መታያ? የእሱን እንጨት?»

«ለእነሱ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ሰው እንዲቀመጥልን።»

ዘርትሁን የያዘችው ሽንኩርት እጇ ላይ ቀረ።

«ነገ ቢሰጡኝስ?» አለች በመጨረሻ። «ነገ ‹ነይ ውሰጂው› ቢሉኝ በምን ልቀበለው?»

«ከሰጡን እኔ እሠራለሁ። ዋንዛ እቆርጣለሁ፣ በእሱ መጋዝ፣ በእጄ። ሌላ ሰው አይነካውም።»

«ባሕር ዛፍ ይበቃል» አለች ዘርትሁንና ወደ ምድጃው ዞረች።

ደራርቱ በማግስቱ ከጨለለቂ ሰፈር ሁለት እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ በትከሻዋ ተሸክማ መጣች። የእናቷን ቃል መግፋት አልቻለችም፤ ለበዓሉም ከሳምንት ትንሽ የሚበልጥ ቀን ነበር የቀረው። በሚጣመም እንጨት ቢሠራም ስማቸው ከሚነበብ ይሻላል። ማንጎው ሥር ቁጭ ብላ ቅርፊቱን መላጥ ጀመረች። እርጥቡ እንጨት እንደ ሳሙና ከእጇ ያመልጣታል።

ቀትር ላይ ፀሐይ ወጣች። ቆርቆሮው ጋለ። ቋ!

ዘርትሁን በሩ ላይ ቆማ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አለች። ደራርቱም ቀና አለች። ሁለቱም ከጣሪያው ሲመለሱ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ያን ድምፅ ሁለቱም ምንነቱን አውቀው ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አራቱን ውሰጂ» አለች እናቷ። «ሁለቱን አጫጭሮቹን ተዪልኝ።»

መጥረቢያቸውን ሊወስዱ የመጡት ኦቦ ጉሉማ ጣውላዎቹን ማንጎው ሥር ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ የመጋዙን ሌላኛ ጫፍ ያዙ። አራት ቀን ሠሩ። ኦቦ ጉሉማ መለካቱንና መቁረጡን ለደራርቱ ተዉላት፤ እሳቸው ይይዛሉ፣ ስትስት ብቻ «ቀስ፣ ኢንታላኮ» ይላሉ። ሚስማር አልመቱም። አባቷ ያስተምር እንደነበረው እግሩን በመሮ አሹለው፣ መቀመጫውን ሸንቁረው፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ በመዶሻ አስገቡት። ሸዋርጋ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጣሳ ለምና አመጣች፤ ምስጥ እንዳይወጣበት የእግሮቹን ጫፍ ቀቡበት፣ ከእያንዳንዱም ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረጉ።

«ይቅርታ» አለች ሸዋርጋ ዘይቱን እየቀባች። ፊቷን አላነሳችም። «አውቅ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«በደንብ ቅቢው» አለቻት ደራርቱ። «እዚያ ጋ አልነካሽውም።» ሸዋርጋም በደንብ ቀባችው።

ሲያልቅ ኦቦ ጉሉማ፣ «ወዴት ይዩ?» አሉ። ትእዛዙ ከመንገድ ይታዩ ይላል።

ደራርቱ አንዱን አግዳሚ ከማንጎው በዚህ በኩል፣ ሌላውን ከዚያ በኩል፣ ፊት ለፊት አደረገቻቸው፤ መሀላቸው ሰው የሚያልፍበት ያህል ክፍት ተወች። ሽማግሌው አዩት። በሰኔ እነ ኦቦ ደረሳ ግቢ ወንበሮቹን እንዲህ የደረደሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

መጀመሪያ የተቀመጡት ኦቦ ጉሉማ ናቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ።

በማግስቱ፣ ጳጉሜ ሁለት፣ የሸዋርጋ አባት ወልደዮሐንስ ሱቁን ዘግቶ መጣ። «ወንበር ሠራችሁ አሉኝ፣ ልየው ብዬ ነው» አለ። መቀመጫውን በእጁ ዳበሰ። «ምን እንጨት ነው?»

«ዋንዛ» አለች ደራርቱ።

«ዋንዛ» ብሎ ደገመና ተቀመጠ። ከዚያ የጎረቤት ሴቶች መጡ። ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በከዘራቸው። ሁሉም ወንበሩን ለማየት ነው የመጡት፤ ሁሉም ምን እንጨት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሁሉም ስሙን ደግመው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው አነሱ። የሞተ ሰው ስም ማንም አላነሳም። ግን ደግሞ ማንም ለመሄድ አልቸኮለም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን የኦቦ ደረሳ ባለቤት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ገቡ። ደራርቱ ጨርቁን ሳይገልጡት በመዓዛው አወቀችው። አንጮቴ ነበር። ሳህኑን ተቀብላ መሀል ላይ ቆመች። እናቷ ከቤት ወጣች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጥለቱ እግሯ ዘንድ መሆኑ ቀርቶ ፊቷን ዙሪያውን ከቦታል፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች፣ ሳህኑን ከልጇ ተቀበለች፣ አንዲት ቁራሽ አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች። ሌላዋን ቁራሽ ለደራርቱ ዘረጋችላት። ደራርቱ ጎንበስ ብላ ከእናቷ እጅ ጎረሰች።

«ምን ስብሰባ ነው?»

ነገራ በሩ ላይ ቆሟል። ወሬው ሁሉ እንደ ውሃ ደረቀ። ወልደዮሐንስ ሊነሳ ዳድቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ወንበሩን ሊያዩ መጥተው ነው» አለች ደራርቱ። እውነት ነበር።

ነገራ ገባ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። ሦስተኛውንም ጨመረ፤ ከዚያ እስከ ማንጎው መጣ። ከአግዳሚው ጫፍ ጎንበስ ብሎ እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ያለ ሚስማር» አለ።

«ያለ ሚስማር» አለች ደራርቱ።

ቀና ሲል ዓይኑ በዘርትሁን ነጠላ ላይ አረፈ። ሁሉም ማየቱን አዩ። ነገራ ደብተሩን አወጣ፣ ጻፈ፤ ሲጽፍ እርሳሱ አንዴ ተሰበረበትና በጥፍሩ ቀረጸው።

«ሁለት አግዳሚ፣ ተሟልቷል» አለ ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ። ከዚያ በወፍራም ድምፁ፣ «ግን ምን እንዲህ ፊት ለፊት አፋጠጣችኋቸው? ለቅሶ ቤት አይደለም። ሁለቱም ወደ መንገዱ ይዙሩ፤ እስከ በዓሉ።»

«እሺ» አለች ደራርቱ።

ነገራ ወደ በሩ ሄደ። ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «እትዬ ዘርትሁን…» አለ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

ኮቴው ራቀ። ከዚያ ኦቦ ጉሉማ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱና አግዳሚውን ወደ መንገዱ ለማዞር ጎንበስ አሉ። «ነይ፣ ኢንታላኮ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ፀሐይዋ ከደመናው ወጥታ ቆርቆሮው ላይ አረፈች። ከቆጡ፣ ከሁለቱ አጫጭር ጣውላዎች፣ ቋ! የሚል ድምፅ መጣ። ደራርቱ እናቷን አየቻት። ዘርትሁን ቀና አላለችም። የምታየው ልጇን ነበር።

«ይቀመጡ፣ ኦቦ ጉሉማ» አለች ደራርቱ።